የአምስት ቀን ምሳ በአንድ እሁድ፦ ለተጣደፈ ቤት የምሳ ዕቃ አዘገጃጀት

እኛ ቤት በቀን አምስት ምሳ ዕቃ ይወጣል። ሦስቱ የልጆች ነው፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የባለቤቴ። ባለቤቴ ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስትሆን የምትመለሰው ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ስለዚህ ምሳ መቋጠር የእኔ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሣሁ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ሰርቪሱ 1 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል፤ እኔ ገና ወጥ እያማሰልኩ ነኝ። አንድ ማክሰኞ እንደዚሁ ስጣደፍ ሽሮውን በትኩሱ ገለበጥኩና ክዳኑን በደንብ ሳልዘጋ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ማታ መካከለኛው ልጄ የሒሳብ ደብተሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ብርቱካናማ ሆኗል። "አባዬ፣ ሚስ ደብተርህ ወጥ ወጥ ይሸታል አለችኝ።"

ነገሩን ለእናቴ በስልክ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ "ድግስ ሲኖር ሽንኩርት የሚከተፈው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ማንም ያውቀዋል፤ በዋዜማው ነው። ሠርግ ቤት ጠዋት ተነሥቶ ሽንኩርት የሚልጥ የለም። "ታዲያ በሳምንት ሃያ አምስት ምሳ ዕቃ ድግስ አይደለም እንዴ?" አለችኝ።

ነገሩ ይኼው ነው። የእኛ ምግብ ጊዜ የሚፈጀው ቁሌቱ ላይ ነው። ምስሩም፣ ፍርፍሩም፣ አልጫውም፣ የፓስታው ስጎም ከቁሌት ነው የሚጀምሩት። እሱን እሁድ ከጨረሳችሁ ለጠዋት የሚቀረው ማሞቅና መቋጠር ነው። ከዚህ በታች ያለው እኔ ቤት የሚሠራው አካሄድ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ካላችሁ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቁርስና ምሳ እዚያው ስለሚቀርብ ሥራችሁ ይቀላል። ለሌሎቻችን ግን ምሳ ዕቃው አለ።

ዓርብ ማታ፦ ወረቀቱ

አንድ ወረቀት ፍሪጅ በር ላይ ለጥፉ። አምስት ቀን፣ አምስት መስመር። መጀመሪያ የሚጻፈው ምግብ አይደለም፤ የጾም ቀን ነው። በሚጾም ቤት ረቡዕና ዓርብ ቀድመው ቦታቸውን ካልያዙ፣ ማክሰኞ የተረፈው እንቁላል ረቡዕ ምሳ ዕቃ ውስጥ መገኘቱ አይቀርም። እኔ አድርጌዋለሁ። ትልቋ ልጄ ሳትበላ ተመልሳ መጣች። በዐቢይ ጾም ወረቀቱ ቀላል ነው፤ 55 ቀን ሙሉ የጾም ነው። የሚከብደው አንዱ ቀን የጾም፣ አንዱ የፍስክ የሚሆንበት መደበኛው ሳምንት ነው።

ትንሿ ልጄ አምስት ዓመቷ ስለሆነ አትጾምም። ለእሷ ብቻ ብዬ ግን ሁለተኛ ድስት አልጥድም። ረቡዕና ዓርብ ምሳዋ የጾም ነው፣ ወተቷን ቤት ትጠጣለች።

ቀጥሎ ልጆቹን ጠይቁ። "ምን ልሥራላችሁ?" አይደለም ጥያቄው፤ እንደዚያ ካላችሁ በየቀኑ ቺፕስ ነው መልሱ። "ከማን ጋር ነው የምትበሉት?" ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ ልጆች ምሳ ዕቃቸውን መሀል ላይ አድርገው ነው የሚበሉት። ብቻውን ዞር ብሎ የሚበላ ልጅ ስስታም ይባላል። ትልቋ አንድ ቀን "አባዬ፣ ሥጋ አትቋጥርልኝ" አለችኝ። የቅርብ ጓደኛዋ ሙስሊም ናት፤ ሥጋ በተቋጠረ ቀን አብረው መብላት አይችሉም። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ለቅዳሜና እሁድ ገበታ ሆነ። ምስር፣ ድንች፣ ሩዝና ፓስታ ሁሉም እጁን የሚሰድበት ምግብ ነው። በዚሁ አጋጣሚ ከጓደኞቻቸው መካከል ለውዝ ወይም እንቁላል የማይስማማው ልጅ ካለ እወቁ። ከጋራ ምሳ ዕቃ ሲበላ ጣጣው የእናንተም ነው።

የእኛ ወረቀት አሁን ይህን ይመስላል።

ሰኞ፦ ፓስታ በስጎ።
ማክሰኞ፦ የእሁዱ እንጀራ ፍርፍር፣ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር።
ረቡዕ፦ ሩዝና ምስር።
ሐሙስ፦ አዲስ እንጀራ በአልጫ ድንችና ካሮት።
ዓርብ፦ ዳቦ በድንችና በስልስ።

እንጀራው ለምን እንደዚህ እንደተደለደለ ልንገራችሁ። እኛ እንጀራ የምናስጋግረው ወይም የምንገዛው እሁድና ረቡዕ ነው። እንጀራ የመጀመሪያው ቀን ላይ ለመጠቅለል ይመቻል፤ ለስላሳ ነው፣ አይሰነጠቅም። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እየደረቀ ስለሚሄድ ለፍርፍር ነው የሚሻለው፤ ያኔ ስጎውን በደንብ ይጠጣል፣ ጭቃም አይሆንም። ከዚያ የተረፈው ሳይሻግት ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። ትኩስ እንጀራ ደራርባችሁ ወዲያው በፕላስቲክ አታፍኑ። ያልበዋል፣ ከዚያ በማግስቱ ነጠብጣብ ሻጋታ ታያላችሁ።

ቅዳሜ፦ ገበያ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ለአምስት ሰው የምገዛው 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ኪሎ ቲማቲም፣ 2 ኪሎ ድንች፣ 1 ኪሎ ካሮት፣ ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ፣ ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ለውጥ እንዲሆን ደግሞ ሙዝ ወይም ብርቱካን ነው። ሰፈራችሁ እሁድ ገበያ ካለ ጠዋት ሄዳችሁ ወዲያው ወደ ሥራው መግባት ትችላላችሁ። አንድ ምክር ብቻ፦ ሽንኩርቱን ትልልቁን ምረጡ። ትንንሹ ርካሽ ይመስላል እንጂ ስትልጡት ስትልጡት እጃችሁ ላይ ምንም አይቀርም።

እሁድ፦ ቁሌቱ

ከተቻለ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ምረጡ። በፈረቃ የሚመጣላችሁ ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ አድርጉት። የቁሌት ቀን ዕቃ ይበዛል፣ በጀሪካን ውሃ አይገፋም።

ሽንኩርቱን ከመላጣችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ሲቀዘቅዝ ዓይን የሚያቃጥለው ነገር ቶሎ አይተንም። እንባው ፈጽሞ አይቀርም፣ ግን ይቀንሳል። ከዚያ በደቃቁ ክተፉ። ብሌንደር ይፈቀዳል ወይ የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ይቻላል፤ ግን ውሃው ስለሚወጣ ለማድረቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ብሌንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ቆም እያደረጋችሁ በአጭር በአጭሩ ምቱት፣ ወደ ጭማቂ አትቀይሩት።

ወፍራም ብረት ድስት ጣዱ። ዘይት አትጨምሩ። ሽንኩርቱን ብቻውን፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር፣ በመካከለኛ እሳት አማስሉ። ጨው ውሃውን ቶሎ ያወጣዋል። መጀመሪያ ድስቱ ሙሉ ይሆናል፣ "ይኼ ሁሉ የት ሊገባ ነው?" ትላላችሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ስታማስሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሥሩ መያዝ ሲጀምር ጠብታ ሙቅ ውሃ እያደረጋችሁ አላቅቁት። አሁን አንድ ተኩል የውሃ ብርጭቆ ዘይት ጨምሩ። እሳቱን ቀንሱ። ሌላ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። በመጨረሻ የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስገቡ፣ አምስት ደቂቃ አቆዩት።

መድረሱን በሰዓት አትለኩት። ማማሰያውን በድስቱ መሀል ጎትቱት። መንገዱ ተከፍቶ ትንሽ ከቆየ፣ ዘይቱም ዳር ዳሩን ከወጣ፣ ደርሷል። ተመልሶ ቶሎ ከገጠመ ገና ውሃ አለው።

እዚህ ላይ ግማሹን አውጡ። ይኼ የአልጫ ቁሌት ነው። ቀሪው ላይ ከአራት እስከ አምስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩና ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ሃያ ደቂቃ አብስሉት። የበርበሬው ጥሬ ሽታ መጥፋት አለበት። ይኼ የቀይ ቁሌት ነው። ቅቤ አታስገቡበት። ቅቤ ከገባበት ለረቡዕና ለዓርብ አይሆንም፤ የፍስክ ቀን ሲሆን ስታሞቁት ትጨምራላችሁ።

ሁለቱንም ሰፋ ባለ ትሪ ላይ አሰራጩና አብርዱ። ድስቱ ውስጥ እንዳለ ከተተወ መሀሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ የሚያበላሸው ያ ለብታ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። በአንድ ብርጭቆ፣ በአንድ ብርጭቆ ለኩት። ከቀዩ ሦስት ወይም አራት፣ ከአልጫውም እንዲሁ ይወጣል። አንድ ብርጭቆ ቁሌት ለአንድ ቀን ለአምስታችን ይበቃል። ለሰኞና ለማክሰኞ የሚሆነውን ፍሪጅ፣ ሌላውን ፍሪዘር። ፍሪዘር የሚገባውን በከረጢት አድርጋችሁ እንደ ደብተር ጠፍጣፋ አስተኙት። እንደ ድንጋይ ከተድቦለቦለ ጠዋት አይቀልጥላችሁም። ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ "ቀይ" ወይም "አልጫ" ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። በረዶ ሲይዘው ሁለቱም አንድ ይመስላል።

ቁሌቱ በራሱ ሲበስል እጃችሁ ባዶ አይሁን። ቲማቲሙን ፍጩ። አንድ ብርጭቆ አልጫ ቁሌት ከግማሹ ቲማቲም ጋር ሲበስል የሰኞ ስጎ ይሆናል። ሌላው ቲማቲም ወፈር ተደርጎ ከቃሪያ ጋር ሲበስል የዓርብ ስልስ ነው፤ እሱ ወደ ፍሪዘር ይገባል። እንቁላሉን ቀቅሉ። ከነልጣጩ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። ካሮቱን ላጡ። ድንቹን ግን ተዉት፤ ተልጦ የቆየ ድንች ይጠቁራል።

ይኼ ሁሉ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ነው፣ አልክድም። ግን በየጠዋቱ የማጠፋውን አንድ አንድ ሰዓት ስደምረው አምስት ሰዓት ነበር።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል። ፍሪዘሩን ካልከፈታችሁት ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ሁለት ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሽ የሆነው አንድ ቀን። ፍሪጁ ግን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታውን በውሃ ፕላስቲክ ሙሉት። የሃይላንድ ባዶ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ውሃ አድርጉና ፍሪዘር ውስጥ ደርድሩ። ሁለት ጥቅም አለው። መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜ ይይዛል፤ ጠዋት ደግሞ አንዱን አውጥታችሁ ከምሳ ዕቃው ጎን ቦርሳ ውስጥ ትከታላችሁ። አዳማ፣ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ሞቃት ቦታ ለምትኖሩ ይኼ ግዴታ ነው። ልጁም ምሳ ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያገኛል።

ዕቃው

አሁን ስለ ምሳ ዕቃው ራሱ። ሱቅ ውስጥ ሲታይ ሁሉም ያምራል። ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ጎማውን እዩ። ጎማ የሌለው ክዳን ወጥ አይይዝም። ጎማው ደግሞ ተነቅሎ የሚታጠብ መሆን አለበት። ካልተነቀለ ሥሩ ወጥ ይሰበሰብና ይሸታል፤ ያንን ሽታ ሳሙና አያስለቅቀውም። ቤት ስትገቡ ውሃ ሞልታችሁ ዘግታችሁ ገልብጣችሁ አንድ ደቂቃ አራግፉት። ውሃ ጠብ ካለ ወጥም ጠብ ይላል። የደብተሩ ጉዳይ የተፈጠረው ይኼን ባለማድረጌ ነው።

ለትንንሽ ልጆች ሌላ ፈተና አለ። ልጁን መሬት ላይ አስቀምጡትና ሦስት ጊዜ ራሱ ይክፈት፣ ራሱ ይዝጋ። ትንሿ ልጄ መጀመሪያ የገዛሁላትን መክፈት አትችልም ነበር። ሦስት ቀን እንደሄደ ሲመለስ "አልራበኝም" ስትል ነበር፤ በአራተኛው ቀን ነው የገባኝ።

ሁለት ዓይነት ዕቃ ያስፈልጋል። አንዱ ለደረቅና ለቀዝቃዛ ምግብ፣ ተራ ባለክፍል ምሳ ዕቃ። ሌላው ለትኩስ ምግብ፣ አፉ ሰፊ የሆነ የምግብ ፔርሙዝ። ለሁሉም ልጅ በአንዴ መግዛት ይከብዳል። ከትንሹ ልጅ ጀምሩ።

ፔርሙዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ልግለጽ። ሰርቪሱ 1 ሰዓት ይሄዳል፤ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ነው ልዩነቱ። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ተህዋሲያን የሚራቡት እዚያ መሀል ላይ ነው። እኛ ግን በተለምዶ ለብ ያለ ወጥ ዘግተን እንልካለን። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነች ብዙ ጊዜ እናመልጣለን፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ በደንብ ትኩስ ወይም በደንብ ቀዝቃዛ። መሀል ቤት የለም።

ሩዝ ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ተህዋሲ አለ። ሩዙ ሲቀቀል ሰውነቱ ቢሞትም ዘሩ ከፈላ ውሃ ይተርፋል። ሩዙ ማታ በስሎ ድስት ውስጥ ሲያድር ያ ዘር ይነቃና መርዝ ያመርታል። መርዙን ደግሞ ጠዋት ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ የረቡዕን ሩዝ ወይ ጠዋት ቀቅሉ፣ ወይ ማታ ቀቅላችሁ ትሪ ላይ ቶሎ አብርዱና ፍሪጅ አስገቡ፤ ጠዋት እንፋሎቱ እስኪወጣ አሙቁት። እኔ ጠዋት ነው የምቀቅለው። ሃያ ደቂቃ ነው፣ እስከዚያ ልጆቹን አለብሳለሁ።

ማታ ማታ፦ ሃያ ደቂቃ

እራት ከተበላ በኋላ የነገውን ቁሌት ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዱ። ይኼን ከረሳችሁ ጠዋት በረዶ በቢላ ትቆርጣላችሁ። ምሳ ዕቃዎቹን፣ ማንኪያውንና ሶፍቱን አንድ ትሪ ላይ ደርድሩ። ፍራፍሬውን እጠቡ። ለነገ ምስር ከሆነ ማታውኑ አብስሉት። ቁሌቱ ስላለ ከሃያ አምስት ደቂቃ አያልፍም፤ ከዚያ አብርዶ ፍሪጅ።

አንድ ነገር ማታ አትቋጥሩ። ፍርፍር። ማታ የተፈረፈረ ጠዋት ገንፎ ነው። እንጀራውን ቆራርጣችሁ ሸፍናችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት ቀዩን ቁሌት ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ አፍሉና እንጀራውን ጣል አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ገልበጥ። አለቀ።

ጠዋት፦ በቅደም ተከተል

12 ሰዓት ላይ እነሣለሁ። መጀመሪያ የምጥደው ውሃ ነው፤ ለሻይ አይደለም፣ ለፔርሙዙ ነው። የፈላውን ውሃ ፔርሙዝ ውስጥ ሞልቼ እዘጋና አሥር ደቂቃ አቆየዋለሁ። ቀዝቃዛ ፔርሙዝ ውስጥ የገባ ትኩስ ምግብ ሙቀቱን ለዕቃው ሰጥቶ እሱ ይበርዳል። ይኼ እርምጃ ከተዘለለ ምሳ ሰዓት ላይ የሚቀረው ለብታ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ የተነሣ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ 100 አይደርስም። ስለዚህ ውሃውም ምግቡም ገና ሲንተከተክ ነው መግባት ያለባቸው። በዚሁ ምክንያት የፓስታ ካርቶን ላይ "8 ደቂቃ" ቢልም እዚህ አይበቃም፤ ቅመሱና አውጡ።

ሁለተኛ፣ ወጡ ወይም ስጎው ይሞቃል። እስኪንተከተክ። ፔርሙዙ ውስጥ ያለውን ውሃ ድፉና ምግቡን እስከ አፉ ሙሉት። ግማሽ ፔርሙዝ ቶሎ ይበርዳል። ልጁ ትንሽ የሚበላ ከሆነ ትንሽ ፔርሙዝ ግዙ እንጂ ትልቁን በግማሽ አትላኩ። ፓስታውን ከስጎው ጋር አደባልቁት፤ ለየብቻ ከሆነ ፓስታው ድርቅ ብሎ ይያያዛል።

ሦስተኛ፣ የሚቀዘቅዘው። የሐሙሱ እንጀራ በአልጫ እንደሚከተለው ነው። አልጫውን ማታ ወፈር አድርጋችሁ ታበስሉትና ፍሪጅ ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት እንጀራውን ዘርግታችሁ ቀዝቃዛውን አልጫ በሥሡ ትቀቡታላችሁ፣ ዳሩን ሁለት ጣት ትተዋላችሁ። አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ እንደ ጣት ቁረጡት። ትንንሽ ልጆች ቆርሰው መጉረስ ይከብዳቸዋል፤ ይኼን ግን አንስተው ይበላሉ። በረዶ የያዘው ውሃ ጎኑ ይሁን። ሽሮ ግን ለዚህ አይመችም። ሲቀዘቅዝ ጥጥር ይላል፣ ልጆች ደግሞ ያንን "ጭቃ" ነው የሚሉት። ሽሮ የሚሄደው በፔርሙዝ ነው፣ ቀጠን ተደርጎ።

የዓርቡ ዳቦ ላይ ስልሱን በቀጥታ አትቀቡ። መጀመሪያ የተቀቀለውን ድንች በጨውና በዘይት ጨፍልቃችሁ ሁለቱንም ጎን ቀቡ፤ ስልሱ መሀል ይግባ። ድንቹ ፈሳሹን ከዳቦው ይከላከላል። እንደዚህ ስታደርጉ ዳቦው 6 ሰዓት ላይም አይረጥብም።

ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉም ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ መሆን አለበት። ምሳ ዕቃው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከደብተሩ በሌላ የቦርሳ ክፍል። አሁንም እያንዳንዱን ክዳን በእጄ ጫን እያደረግኩ አረጋግጣለሁ። ልጄ ያየኝና "አባዬ፣ አይፈስም" ይላል። ይሁን።

የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

ማታ ቦርሳ ሲገባ ቶሎ አትጠቡት፤ መጀመሪያ ክፈቱና እዩት። ሳይነካ የመጣ ምግብ ሁልጊዜ "አልጣፈጠም" ማለት አይደለም። ክዳኑ አልተከፈተ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ አልበቃ ይሆናል፤ ሽታው አሳፍሮት ይሆናል። ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ነጭ ሽንኩርት የበዛበትን ሁሉ መመለስ ጀመረች። ምክንያቱን ለማወቅ ወር ፈጀብኝ። አሁን የእሷን ከመቋጠሬ በፊት ጠጋ ብላ ታሸተዋለች፣ ካልተስማማት ራሷ ሌላ ትሠራለች። ተመልሶ የመጣ ምግብ ግን ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ስለዋለ አይሞቅም፣ አይበላም። አንጀት ያቃጥላል፣ ግን ይደፋል።

ሁለት ሳምንት ያህል ወረቀቱ ጎን ላይ ምልክት አድርጉ፤ ያለቀ፣ የተረፈ፣ ያልተነካ። ከዚያ ወረቀቱን ራሱን ታርሙታላችሁ። እኔ ቤት የወጣው ጥቅል ጎመን ነው። ሦስት ጊዜ ላክሁት፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

የትንሿ ምሳ ዕቃ ግን ዓርብ ዓርብ ሁሌ ባዶ ነው የሚመጣው። የድንች ዳቦዬ እንዲህ ተወደደ ብዬ ኮራሁ። አንድ ቀን ስጠይቃት "እኔ አልበላውም፤ ለጓደኛዬ እሰጣታለሁ፣ እሷ ጨጨብሳዋን ትሰጠኛለች" አለችኝ። ጓደኛዋ ድንቹን በጣም ነው የምትወደው አሉ። አሁን ዓርብ የምቋጥረው ሁለት ዳቦ ነው።